ልብና የደም ሥሮች ከአካል እንቅስቃሴና ከጫና ጋር የሚላመዱበት መንገድ

የሰው አካል የሚደርስበትን ጫና ተሸክሞ ብቻ አይቀርም። ጫናው መጠነኛና ተደጋጋሚ ሲሆን፣ በቂ ዕረፍትም ሲከተለው፣ አካል ራሱን እያጠናከረ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጫና በቀላሉ ለመቋቋም ይዘጋጃል። ይህ ሂደት መላመድ ይባላል። ከመላመድ ከፍተኛ ጥቅም ከሚያገኙት የአካል ክፍሎች መካከል ልብና የደም ሥሮች ይገኙበታል። በአንጻሩ ጫናው ድንገተኛና ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ወይም ዕረፍት ሳይኖረው ለወራትና ለዓመታት ሲዘልቅ፣ ልብን ሊጠብቅ ይችል የነበረው ምላሽ ልብን የሚጎዳ ይሆናል።

የልብና የደም ሥር በሽታዎች በዓለም ላይ ቀዳሚ የሞት ምክንያት ናቸው። ከእነዚህም መካከል አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ የሚቆዩ በመሆናቸው፣ ብዙ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ መላመድ ልብንና የደም ሥሮችን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ምን ያህል እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ፣ እነማን አስቀድመው ምርመራ ማድረግ እንዳለባቸውና አገልግሎቱ በየትኛው የጤና ተቋም እንደሚገኝ ያብራራል።

መላመድ ምንድን ነው?

ሃንስ ሴልዬ የተባለው ሳይንቲስት በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አካል ለልዩ ልዩ ጎጂ ነገሮች የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይና ሦስት ደረጃዎች ያሉት መሆኑን ገልጿል። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው አካል ጫናውን የሚቋቋምበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጫናው ካላቋረጠ አቅም የሚሟጠጥበት ነው። ከእርሱ በኋላ የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ ፊሊክስ ሜርሰን በሁለተኛው ደረጃ ላይ አተኩሯል። በእንስሳት ላይ በተደረጉት ሙከራዎች፣ አስቀድመው በአጫጭርና በመጠነኛ ጫና የተለማመዱ እንስሳት፣ ኋላ ብርቱ ጭንቀት ሲደርስባቸው ልባቸው የሚጎዳው ካልተለማመዱት ባነሰ መጠን እንደሆነ ታይቷል።

በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በውሾች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም ይህንኑ ሐሳብ አጠናክሯል። ተመራማሪዎቹ ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደውን ደም በመጀመሪያ አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ አቋርጠው መልሰው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ለ40 ደቂቃ ሲያቋርጡት፣ በልብ ጡንቻ ላይ የደረሰው ጉዳት ዝግጅቱ ካልተደረገላቸው ውሾች ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ዝቅ ብሏል። ይህ ግኝት የልብ ሕዋሳት ራሳቸው ለመጪው አደጋ የመዘጋጀት ችሎታ እንዳላቸው ያሳያል። ሆኖም የደረት ሕመምን ችሎ መቀመጥ ልብን ያጠነክራል ማለት አይደለም፤ የደረት ሕመም ምንጊዜም ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክት ነው።

በልብ ላይ የሚታዩ ለውጦች

ልብ ጡንቻ ነው። እንደ ማንኛውም ጡንቻ አዘውትሮ በመጠኑ ሲሠራ ይጠነክራል። ጤናማ የሆነ ጎልማሳ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። እንቅስቃሴ የማያዘወትር ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ቢሆን፣ ይህን መጠን ለማሟላት በደቂቃ 72 ጊዜ ያህል መምታት ይኖርበታል። በልምምድ የዳበረና በአንድ ምት 100 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ ግን ተመሳሳይ ሥራ በ50 ምት ያከናውናል። ልዩነቱ በ24 ሰዓት ሲሰላ ከ31 ሺህ ምት በላይ ይሆናል።

የልብ ምት መቀነስ ሌላም ጥቅም አለው። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም በብዛት የሚያገኘው በሁለት ምቶች መካከል ዘና በሚልበት ቅጽበት ነው። ምቱ ዝግ ሲል ይህ ቅጽበት ይረዝማል፤ ልብም ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኝበት ጊዜ ይጨምራል። ደረጃ መውጣት ወይም ዕቃ መሸከም የመሰለ የዕለት ተዕለት ሥራም ከልብ የሚጠይቀው ጉልበት ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል።

በደም ሥሮች ላይ የሚታዩ ለውጦች

የደም ሥሮች ውስጠኛ ገጽ በስስ የሕዋሳት ሽፋን የተለበጠ ነው። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደም በፍጥነት ሲፈስ ይህን ሽፋን እየዳሰሰ ያልፋል፤ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥሩ ጡንቻ እንዲላላና ሥሩ እንዲሰፋ ያደርጋል፤ ደም ያለ አግባብ እንዳይረጋም ይረዳል። ይህን አሠራር የገለጹት ሦስት ሳይንቲስቶች በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እንቅስቃሴ ሲዘወተር ሽፋኑ ይህን ንጥረ ነገር የማመንጨት አቅሙ ይጨምራል። በዚህም የተነሳ፦

- የደም ቅዳ ሥሮች የመለጠጥ ችሎታቸው በተሻለ ሁኔታ ይጠበቃል፤
- በጡንቻዎች ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ቁጥር ይጨምራል፤
- ጡንቻዎች ስኳርን ከደም በቀላሉ ይወስዳሉ፤
- የደም ግፊት ይቀንሳል።

ከአንድ ጊዜ እንቅስቃሴ በኋላ የደም ግፊት ለተወሰኑ ሰዓታት ዝቅ ብሎ ይቆያል። የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንቅስቃሴውን ለወራት አዘውትረው ሲቀጥሉ፣ የላይኛው የደም ግፊት ልኬት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይቀንሳል። ይህ ቅናሽ ትንሽ ቢመስልም፣ ለዓመታት ሲዘልቅ የስትሮክንና የልብ ሕመምን አደጋ የሚቀንስ ነው።

የአእምሮ ጫናና ልብ

አንድ ሰው ሲደነግጥ፣ ሲቆጣ ወይም ሲሰጋ አካሉ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፤ ደምም ለመርጋት ይዘጋጃል። ይህ ምላሽ ከአደጋ ለማምለጥ የተሰጠ ተፈጥሯዊ ጥበቃ ነው። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ችግር የሚፈጠረው መመለስ ሲሳነው ነው። በኑሮ ጫና፣ በሥራ መደራረብ፣ በቤተሰብ አለመግባባት ወይም በእንቅልፍ ማጣት ምክንያት ምላሹ ሳይቋረጥ ሲቀጥል፣ የደም ግፊት ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ የደም ሥሮችም ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል። ሲጋራ ማጨስና ጫት መቃም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምሩ ይህን ጉዳት ያባብሳሉ። ጫናን ለመርሳት ብሎ ወደ እነዚህ ልማዶች መሄድ በልብ ላይ ሁለተኛ ሸክም መጨመር ነው።

መደበኛ የአካል እንቅስቃሴ በዚህ ረገድ እንደ ልምምድ ያገለግላል። ልብ በእንቅስቃሴ ጊዜ ይፈጥናል፤ እንቅስቃሴው ሲያበቃ ይረጋጋል። ይህ መነሣትና መርጋት በየሳምንቱ ሲደጋገም አካል ከጫና በፍጥነት የመመለስ ችሎታን ያዳብራል። ልብን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍልም ይበልጥ ይጠናከራል። ለዚህ ግን ዕረፍት የግድ ነው፤ ለጎልማሳ ሰው በቀን ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ጸሎት፣ ከወዳጅ ዘመድ ጋር መወያየት፣ በዕድርና በማኅበር መሳተፍ፣ በዝግታ በጥልቀት መተንፈስም ውጥረትን ለማርገብ ይረዳሉ።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

በ1953 እ.ኤ.አ. የታተመው የጄረሚ ሞሪስና የባልደረቦቹ ጥናት የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ያነጻጸረ ነበር። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ትኬት ቆራጮቹ ግን ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። በትኬት ቆራጮቹ ላይ የታየው የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ ከታየው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ደግሞ ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆነ አምስት ጤናማ ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ ሦስቱ ሳምንታት የልባቸውንና የአካላቸውን አቅም የቀነሱት ሠላሳው ዓመት ከቀነሰው በላይ እንደነበር ታወቀ። በሃምሳ ዓመታቸው ለስድስት ወራት ቀስ በቀስ እያደገ የሚሄድ ልምምድ ሲያደርጉም፣ በዕድሜ ምክንያት ያጡትን አቅም መልሰው አግኝተዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፦ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት በአጭር ጊዜ ይጎዳል፤ በጎልማሳነት መጀመርም ዘግይቷል አይባልም።

የሚመከረው መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት የሚከተለውን ይመክራል፦

- ጎልማሶችና አረጋውያን፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ፤
- ለጎልማሶችና ለአረጋውያን በተጨማሪ፦ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፤
- ለአረጋውያን በተለይ፦ መውደቅን ለመከላከል በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ፤
- ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ታዳጊዎች፦ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ።

መካከለኛ እንቅስቃሴ ማለት ትንፋሽ ፈጠን እያለ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ወይም መዘመር ግን የሚያስቸግርበት ነው። ጥቂት ቃላት ተናግሮ ለመተንፈስ ማቋረጥ ግድ የሚል ከሆነ እንቅስቃሴው ጠንካራ ነው። አንዳንድ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምት እንዳይፈጥን ስለሚያደርጉ፣ መድኃኒቱን ለሚወስዱ ሰዎች ምት ከመቁጠር ይልቅ ይህ የንግግር መለኪያ ይሻላል።

እንቅስቃሴ ሲባል ስፖርት ብቻ አይደለም። ፈጠን ብሎ ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ መሄድ፣ እርሻ፣ ውኃ መቅዳት፣ የቤት ጽዳት፣ ጭፈራና እስክስታ ሁሉ ይቆጠራሉ። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብርም የተመረጡ መንገዶችን ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለእግረኛ፣ ለሩጫና ለብስክሌት ክፍት ያደረገ ነው።

እንዴት መጀመር ይገባል?

መላመድ በአንድ ቀን አይመጣም። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው በድንገት ከአቅም በላይ ቢሮጥ ወይም ከባድ ዕቃ ቢያነሣ፣ በዚያ ቅጽበት ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። እንቅስቃሴ በሚያዘወትር ሰው ላይ ይህ ተጋላጭነት እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጅማሬው ዝግ ያለ ሊሆን ይገባል። ለምሳሌ፦

1. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን 10 ደቂቃ በሚመች ፍጥነት በእግር መሄድ፤
2. በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ወደ 15 እና 20 ደቂቃ ማሳደግ፤
3. ከዚያም በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ወደ መሄድ መድረስ፤
4. በእያንዳንዱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች በዝግታ መሄድ፤
5. ክብደት ሲነሣ ትንፋሽን አለማፈን፤ ትንፋሽ ሲታፈን የደም ግፊት በድንገት ይጨምራል።

ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ሰው አካሉ ከአነስተኛው ኦክስጅን ጋር እስኪላመድ ለጥቂት ቀናት እንቅስቃሴውን ቀለል ሊያደርግ ይገባል። ትኩሳት ያለበት ሰው እስኪያገግም ድረስ ከጠንካራ እንቅስቃሴ ይታቀብ። በጾም ወቅት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ መርጦ ለማፍጠሪያ በተቃረበ ሰዓት ወይም ካፈጠሩ በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ በቂ ውኃ መጠጣትም ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚወስዱ ጾመኞች የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን በራሳቸው ሳይለውጡ አስቀድመው ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ከመጀመር በፊት ባለሙያ ማማከር የሚገባቸው ሰዎች

- ሲንቀሳቀሱ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት የሚያጋጥማቸው፤
- የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የነበረባቸው፤
- የደም ግፊታቸው 180/110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፤
- የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስዱ፤
- በቤተሰባቸው ውስጥ በወጣትነት ዕድሜ በድንገት የሞተ ሰው ያለ፤
- በልጅነታቸው የሩማቲክ ትኩሳት የነበረባቸው ወይም የልብ ቧንቧ በር ችግር እንዳለባቸው የተነገራቸው፤
- ነፍሰ ጡር ሆነው የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው።

የሩማቲክ የልብ ሕመም በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተነሥቶ የሚመጣና ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃ ነው። በመሆኑም «ወጣት ስለሆነ ልቡ ጤነኛ ነው» ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። ከእኩዮቹ ተለይቶ በጨዋታ ላይ ቶሎ የሚደክም፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የሚወድቅ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሳይገሠጽ በፊት መመርመር ይኖርበታል።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

- ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የሚቆይ የደረት መጨነቅ ወይም ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰራጭ፤
- ከደረት ሕመም ጋር ወይም ያለ ደረት ሕመም የሚመጣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር፤
- ድንገተኛ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ፤
- ራስን መሳት።

ከእነዚህ አንዱ ሲታይ እንቅስቃሴን ወዲያውኑ ማቆምና ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሕመምተኛው በእግሩ እንዲሄድ ወይም ራሱ መኪና እንዲያሽከረክር መፍቀድ አይገባም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይገኛል። በሽታው «ያልፋል» ብሎ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሰዓት በልብ ወይም በአንጎል ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

በየቀበሌው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ጤናማ አኗኗር ትምህርትና ምክር ይሰጣሉ፤ ምርመራ የሚያስፈልገውንም ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። በጤና ጣቢያ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ይደረጋል፤ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ታካሚ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ተገልጋዮች ሲመጡ ቀደም ሲል የተሰጣቸውን የሕክምና ካርድ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው ቢቀርቡ አገልግሎቱን ያቀላጥፋል። የደም ግፊት በአብዛኛው ምልክት ስለሌለው፣ ሕመም የማይሰማው ጎልማሳም በየጊዜው መለካት አለበት። ልኬቱ በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ የደም ግፊት ሕመም እንዳለ ይቆጠራል።

ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

*እንቅስቃሴ የጀመረ የደም ግፊት ታካሚ መድኃኒቱን ማቆም ይችላል?*
አይችልም። እንቅስቃሴ መድኃኒቱን ያግዛል እንጂ በራሱ አይተካም። ግፊቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ በድንገት ማቋረጥ ለስትሮክ ያጋልጣል። የመድኃኒት መጠን የሚቀነሰው በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው።

*ቀኑን ሙሉ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ተጨማሪ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል?*
የሥራው እንቅስቃሴ ከሳምንታዊው መጠን ይቆጠራል። ለእንዲህ ያለው ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው በቂ ዕረፍት፣ ውኃና እንቅልፍ ነው። የደም ግፊት ምርመራ ግን ለእርሱም አይቀርም።

*ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ በአንድ ቀን ብዙ መሥራት ይበቃል?*
ምንም ካለመሥራት ይሻላል፤ ሆኖም ለጀማሪ ሰው በአንድ ቀን የሚደረግ ከባድ ጫና ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል። በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ እንቅስቃሴ ለመላመድ የተመቸ ነው።

*እንቅስቃሴ ቢቋረጥ ጥቅሙ ይቀራል?*
በልምምድ የተገኘው አቅም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። በሕመም፣ በሐዘን ወይም በሥራ ምክንያት ያቋረጠ ሰው ካቆመበት ሳይሆን ዝቅ ካለ መጠን ተነሥቶ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይገባል።

ልብንና የደም ሥሮችን የሚጠብቀው አልፎ አልፎ የሚደረግ ብርቱ ድካም ሳይሆን፣ በልክ የሚደረግ፣ የሚደጋገምና ዕረፍት ያለው እንቅስቃሴ ነው። ኅብረተሰቡ የደም ግፊቱን በመለካት፣ ከአቅሙ ጋር የሚመጣጠን እንቅስቃሴ በመጀመርና የአደጋ ምልክቶችን በማወቅ ራሱንና ቤተሰቡን ከልብና ከደም ሥር በሽታዎች እንዲጠብቅ ይመከራል።